ከሁለት ዳር የታየ ሰማይ

በመጽሐፈ ሄኖክ የብርሃናት ክፍል ፀሐይና ጨረቃ በመጠን እኩል ናቸው። ፀሐይ የምትበልጠው በብርሃኗ ነው፤ ያውም ሰባት እጥፍ። መጽሐፉን ሙሉውን ጠብቀው ለዓለም ያቆዩት የግእዝ ብራናዎች ናቸው፤ ጸሐፊውም ዐይኑ ያየውን በታማኝነት መዝግቧል። ከምድር ሆኖ ለሚያይ ሁለቱም የሚሸፍኑት ሰማይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ ጨረቃ ፀሐይን ልክክ አድርጋ የምትጋርዳትም ስለዚሁ ነው። በየገዳሙና በየደብሩ ባሕረ ሐሳብ ሲቀምሩ፣ አቡሻክር ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቃውንት ሰማይን በጊዜ ለክተውታል። ፋሲካ በየትኛው ዕለት እንደሚውል ከብዙ ዓመት በፊት አስልተው ያስቀምጡ ነበር። «መቼ» የሚለው ጥያቄ በአንድ ቦታ ተቀምጦ በመቁጠር ይመለሳል። «ምን ያህል ይርቃል» የሚለው ግን አንድን ነገር ከሁለት ቦታ ማየትን ይጠይቃል፤ ቦታዎቹ ተራርቀው፣ በመካከላቸው ያለውም ርቀት ታውቆ። የዚህ የሁለተኛው ጥያቄ መንገድ በአገራችንም በኩል አልፏል፤ የድሬዳዋን ወንዝ፣ ደቻቱንም ተሻግሯል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሴፕቴምበር 1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ሲደርስ ከጓዙ ሁሉ ያስቸገረው ኳድራንት የሚባለው የማዕዘን መለኪያ ነበር። የታራንታን ተራራ ሲወጡ ተሸካሞቹ በክብደቱ አማረሩ። በመጨረሻ ብሩስ ራሱ ያሲን ከሚባል የጉዞ ባልደረባው ጋር ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ጎንደር ገብቶም በእቴጌ ምንትዋብና በራስ ሚካኤል ስሑል መካከል በነበረው የሥልጣን ሽኩቻ ውስጥ እየኖረ፣ ሌሊት ሌሊት ቴሌስኮፑን ወደ ጁፒተር ያዞር ነበር። የጁፒተር ጨረቃዎች ወደ ፕላኔቷ ጥላ ሲገቡ ጎንደር ያለውም ፓሪስ ያለውም ሰው የሚያያቸው በአንድ ቅጽበት ነው፤ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት ግን ይለያያል። ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ ልዩነት አንድ ዲግሪ ይያዝና ጎንደር ከፓሪስ ምን ያህል በምሥራቅ እንደሆነች ይታወቃል።

እነዚሁ ጨረቃዎች ከዚያ በፊትም አንድ ትልቅ ነገር ገልጠው ነበር። ኦሌ ሮመር የተባለ ዴንማርካዊ በ1676 ጁፒተር ከምድር በራቀች ቁጥር የጨረቃዎቿ ግርዶሽ ዘግይቶ እንደሚታይ አስተዋለ። ግርዶሹ አልዘገየም፤ ዜናውን ይዞ የሚመጣው ብርሃን ነው መንገድ የረዘመበት። ብርሃን ለጉዞው ጊዜ እንደሚፈጅበት ከታወቀ ወዲህ ሰማይን ማየትና ያለፈውን ማየት አንድ ሆኑ። ብሩስ ከኢትዮጵያ ሲወጣ ኳድራንቱን ይዞበት በመጣው እጁ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎችን ይዞ ተመለሰ።

ከብሩስ በኋላ የመጣው ሰው ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና ሰው ነው። አንትዋን ዳባዲ በ1810 ደብሊን ተወልዶ ፈረንሳይ ያደገ፣ በአባቱ ባስክ የሆነ ምሁር ነበር። በ1838 እ.ኤ.አ. ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ገባ፤ ከዚህ አካባቢ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1848 ነው። ሥራው ተራራ መውጣት ነበር። ከአንዱ አናት ላይ ቴዎዶላይት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ተክሎ በዙሪያው የሚታዩትን ጫፎች ማዕዘን ይመዘግባል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ተራራ ተጉዞ እነዚያኑ ጫፎች መልሶ ያያል። ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ሦስተኛው ተራራ ነው። ሳይረግጠው፣ በመካከሉ ያለውን ገደል ሳይወርድ፣ ርቀቱን ያውቃል። በዚህ ዓይነት ከምጽዋ ጠረፍ እስከ እናርያና ከፋ ድረስ ከ800 በላይ ቦታዎችን በካርታ ላይ አስቀመጠ። በመሀሉ ዐይኑን ክፉኛ ታመመ፤ ዐይን ብቸኛ መሣሪያው ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ አያዳግትም። ስሌቱን አጠናቆ ለማሳተም ሌላ ሩብ ምእተ ዓመት ፈጀበት።

ዳባዲ ምጽዋ በረገጠበት በዚያው 1838፣ ፍሪድሪሽ ቤሰል የተባለ ጀርመናዊ ኮኒግስበርግ ላይ ሆኖ የአንድ ኮከብ ርቀት መለካቱን አስታወቀ። ከፀሐይ ሌላ የማንም ኮከብ ርቀት በአስተማማኝ ሁኔታ ሲነገር ያ የመጀመሪያው ነበር። ኮከቡ 61 ሲግኒ ይባላል። የቤሰልም ዘዴ የዳባዲ ዘዴ ነው፤ የሚለየው ሁለቱ መቆሚያዎች ሁለት ተራራዎች አለመሆናቸው ብቻ ነው። ምድር በጥርና በሐምሌ በፀሐይ ግራና ቀኝ ትገኛለች፤ በሁለቱ መካከል 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አለ። ከእነዚህ ሁለት ዳሮች ሲታይ ኮከቡ ከኋላው ካሉት የሩቅ ከዋክብት አንጻር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ይህን ፈቀቅታ ፓራላክስ ይሉታል። አንድ ዲግሪ ለ3,600 ሲከፈል ሰከንድ ይባላል፤ 61 ሲግኒ የተንቀሳቀሰው የአንድ ሰከንድ ሁለት ሦስተኛ እንኳ በማይሞላ ማዕዘን ነው። ከዚያ ተነሥቶ ቤሰል ኮከቡ ከ10 የብርሃን ዓመት በላይ፣ ማለትም ብርሃን ከ10 ዓመት በላይ የሚጓዘውን ያህል፣ እንደሚርቅ አሰላ። ዛሬ የታወቀው 11.4 ነው። ሁለቱ ሰዎች አንደኛው በሰሜን ተራሮች፣ ሁለተኛው በባልቲክ ጠረፍ፣ በአንድ ዘመን አንድ ዓይነት ሦስት ማዕዘን ይሥሉ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን የቤሰል ስሌት በሙሉ የቆመው ከምድር እስከ ፀሐይ ባለው ርቀት ላይ ነው፤ ያ ርቀት ደግሞ ገና በቅጡ አልተለካም ነበር። ፕላኔቶች ከፀሐይ ያላቸው ርቀት እርስ በርሱ ሲነጻጸር ስንት እጅ እንደሆነ ከኬፕለር ጀምሮ ይታወቃል። የጎደለው አንድ እውነተኛ ቁጥር በኪሎ ሜትር ማግኘት ነው፤ እሱ ከተገኘ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። መንገዱን ኤድመንድ ሃሌ በ1716 ጠቁሞ ነበር። ቬነስ፣ የእኛ አጥቢያ ኮከብ፣ አልፎ አልፎ በምድርና በፀሐይ መሀል ስታልፍ በፀሐይ ፊት ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች። ከሰሜን የሚያያትና ከደቡብ የሚያያት ሰው በፀሐይ ላይ የምትሄድበትን መስመር በተለያየ ቦታ ያገኙታል። የሁለቱ ልዩነት የፀሐይን ርቀት ይሰጣል። ችግሩ ይህ የሚሆነው በስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆኖ፣ ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ማስፈለጉ ነው።

ዳባዲ ከኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ኦንዳይ በተባለ የባሕር ዳርቻ ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤት አሠራ። በግድግዳው ላይ የአማርኛ ጽሑፎች አሉ። በመመገቢያ ክፍሉ ወንበሮች ጀርባ ላይ የተቀረጹት የአማርኛ ፊደላት ሲገጣጠሙ በማዕዱ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይኖር የሚለምን ጸሎት ይሆናሉ። ከቤቱ ጎን ደግሞ የከዋክብት መመልከቻ አለው። በ1881 የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ72 ዓመቱ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ ሄይቲ ወረደና ዲሴምበር 6 ቀን 1882 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለካ። ፈረንሳይ ለዚያ ቀን በተለያዩ አህጉራት ካሰማራቻቸው ቡድኖች የአንዱ መሪ እሱ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1875 ዓ.ም. መጨረሻ መሆኑ ነው። የሁሉም ታዛቢዎች ቁጥር ተሰባስቦ ሲሰላ ውጤቱ ወደ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጠጋ። የኢትዮጵያን ተራሮች በማዕዘን ያሰረው ሰው የፀሐይንም ርቀት ከለኩት አንዱ ሆነ።

በዚያው ቀን ቬነስ ወደ ፀሐይ ፊት ስትገባ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ጀምበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ገደማ ቀርቷት ነበር። ሐረር በግብጾች እጅ ነበረች፤ ዛሬ ድሬዳዋ ያለችበት ሜዳ ላይ ከተማ አልነበረም፤ ደቻቱም ከደንገጎ ተራሮች ወርዶ በአሸዋው ውስጥ የሚሰርግ ወንዝ ብቻ ነበር። በሐረር የሚነግደው አርተር ራምቦ በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ከኤደን ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ ቴዎዶላይት፣ ሴክስታንትና የዓመቱን የሥነ ፈለክ ሠንጠረዥ እንዲገዛለት ጠይቋል። ስለ ሐረርና አካባቢው ካርታ ያለው መጽሐፍ ሊጽፍ አስቦ ነበር። ግጥም የተወ ሰው ማዕዘን መለካት መመኘቱ ለኔ አያስገርመኝም። በማይታወቅ አገር መሀል ያለ ሰው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው የት እንደቆመ ነው።

ቴዎዶላይቱ ደቻቱ ዳር በብዛት የደረሰው ከባቡሩ ጋር ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራሮች ከመውጣት ይልቅ በቆላው ማለፍ ስለመረጠ በ1902 መጨረሻ ደቻቱ ዳር ደረሰ፤ ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ላይ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ሐረር ያሏት ከተማ በወንዙ ግራና ቀኝ አደገች። በምዕራቡ ዳር ቀያሾች መንገዱን በገመድና በማዕዘን ያወጡላት ከዚራ፣ በምሥራቁ መጋላ።

ቀያሽ ደቻቱን ሳይሻገር ስፋቱን እንዴት እንደሚለካ ላሳይ፤ የሰማዩ ስሌት ሁሉ እዚህ ውስጥ አለና። በከዚራ በኩል ዳሩን ተከትሎ 20 ሜትር የተራራቁ ሁለት ችካሎች ይተክላል። ከመጀመሪያው ችካል በመጋላ ዳር ያለ አንድ ዛፍ ፊት ለፊት፣ በ90 ዲግሪ ይታየዋል። ከሁለተኛው ሲያየው 76 ዲግሪ ሆነ እንበል። ዛፉ ጋ የሚቀረው ማዕዘን 14 ዲግሪ ነው፤ ወንዙም 80 ሜትር ይሰፋል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል በደረቁ አሸዋ ላይ ሰው ስለሚመላለስ ይህ ጥበብ አላስፈላጊ ሊመስል ይችላል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሌሊት ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል ያየ ግን ማንም የማይሻገረው ወንዝ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰማይ ሁልጊዜ እንደዚያ ሌሊት ደቻቱ ነው፤ ወዲያ ማዶ የሚሻገር የለም፤ ማድረግ የሚቻለው በዚህ ዳር ሁለቱን ችካሎች ማራራቅ ነው።

ባቡሩ ራሱ ግሩም ችካል ነበር። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ላይ ናት፤ የሰሜን ኮከብም ከሽንሌ ሜዳ በላይ በዚያው ልክ፣ ወደ 10 ዲግሪ ከፍታ፣ ዝቅ ብሎ ይታያል። ጅቡቲ ሲደርሱ ኮከቡ በሁለት ዲግሪ ከፍ ይላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት 222 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ዲግሪ የክብ 180ኛ ክፍል ስለሆነ 222ን በ180 ማባዛት ነው፤ 40,000 ኪሎ ሜትር፣ የምድር ዙሪያ። የማታው ባቡር ተሳፋሪ ማዕዘን መለኪያ ቢይዝ ኖሮ ምድርን ለክቶ ይወርድ ነበር። ያንኑ የ311 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ብርሃን የሚጨርሰው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ነው። ከጨረቃ ለመምጣት 1.3 ሰከንድ፣ ከፀሐይ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል።

ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ እየተሠራ ሳለ የቤሰል ሦስት ማዕዘን አቅሙ አለቀ። ከተወሰነ ርቀት በኋላ ፈቀቅታው ከዚያን ዘመን መሣሪያ ስህተት ያንሳል። መፍትሔው የመጣው ሃርቫርድ ውስጥ በአነስተኛ ደመወዝ የፎቶግራፍ መስተዋቶችን ከምትመረምር ሴት ነው። ሄንሪየታ ሊቪት መስማት እየተሳናት በሄደበት ዘመን ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍና ዝቅ የሚል ሴፊድ የተባሉ ከዋክብትን ታጠና ነበር። ትንሹ የማጀላን ደመና በሚባለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ ያሉ 25ቱን አነጻጽራ በ1912 ያወጣችው ውጤት አጭር ነበር፦ ዑደቱ የረዘመው ኮከብ ይበልጥ ደማቅ ነው። የኮከቡ እውነተኛ ድምቀት ከዑደቱ ከታወቀ፣ ለእኛ ምን ያህል ደብዝዞ እንደሚታይ አይቶ ርቀቱን ማስላት ነው። ሁለተኛ ችካል አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ የተለካው የሩቅ ሰማይ ሁሉ ለሊቪት ባለዕዳ ይመስለኛል፤ በሕይወት ሳለች ያገኘችው ክብር ግን ከሥራዋ ጋር አይመጣጠንም። በ1921 አረፈች።

በ1923 ሴፕቴምበር መጨረሻ ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች። ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ፣ ኤድዊን ሃብል ካሊፎርኒያ በሚገኘው ማውንት ዊልሰን ሆኖ ባነሳው የአንድሮሜዳ ፎቶግራፍ ላይ አንድ ሴፊድ አገኘ። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፊየስ ልጅ ናት፤ ሴፊዶችም ስማቸውን ያገኙት በዚያው ንጉሥ ስም ከተጠራው የከዋክብት ስብስብ ነው። ሃብል ርቀቱን ሲያሰላ ወደ 900,000 የብርሃን ዓመት ሆነለት። አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች ራሷን የቻለች ጋላክሲ መሆኗ ተረጋገጠ፤ እስከዚያ ብዙዎች አጽናፈ ዓለሙ ሁሉ ፍኖተ ሐሊብ ብቻ ነው ይሉ ነበር። በኋላ ሴፊዶቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸው ሲታወቅ ርቀቱ አደገ፤ ዛሬ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። በኅዳር ምሽት ከድሬዳዋ መብራት ወጣ ብሎ ቀና ያለ ሰው በዐይኑ ብቻ እንደ ጭጋግ ጠብታ ያያታል። ያ ብርሃን ጉዞ ሲጀምር፣ ሐዲዱ በሚያቋርጠው በአፋር ምድር፣ ጎና ላይ የድንጋይ መሣሪያ የሚፈልጡ እጆች ሥራ ከጀመሩ ብዙም አልቆዩም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። ከ1882 ወዲህ ቬነስ በፀሐይ ፊት መጀመሪያ ያለፈችው ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው፤ በኢትዮጵያ ሰማይ ከጠዋት እስከ ቀትር በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚታይ ነበር። በዚያው የፈረንጆች ዓመት የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተመሠረተ። ሁለተኛው ግንቦት 29 ቀን 2004 ዓ.ም. ሆነ፤ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ጥቁሯን ነጥብ ይዛ ወጣች፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳይሆን አለፈች። ቀጣዩ በ2117 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገርመው፣ ዳባዲ ባሕር ተሻግሮ የለካው ርቀት በዚያው በ2012 እ.ኤ.አ. መለካቱ ቀረ፤ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 149,597,870.7 ኪሎ ሜትር ብሎ በስምምነት አጸናው። በራዳር የሚደረገው ልኬት ከዚህ በላይ ጥርጣሬ አላስፈለገውም። በእንጦጦ ተራራ ላይም 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት የ1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተተከሉ።

ዳባዲ ሀብቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ አዞ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ጋያ የተባለች የአውሮፓ መንኮራኩር ሥራዋን በ2025 እስክትጨርስ ድረስ ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን መዘገበች፤ የተጠቀመችውም ያንኑ የጥርና የሐምሌ ሦስት ማዕዘን ነው። ራሱ ሴፊድ የሆነው የሰሜን ኮከብ 440 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ዛሬ ማታ የምናየው ብርሃኑ ሲነሳ የሐረር ጀጎል ግንብ ከተሠራ ብዙ አልቆየም። ሥራው ግን አላለቀም። አጽናፈ ዓለም የሚሰፋበት ፍጥነት፣ ተመራማሪዎች በሚጠቀሙበት መለኪያ፣ በሴፊዶች መንገድ ሲሰላ 73፣ ከጥንቱ ብርሃን ርዝራዥ ሲሰላ 67 ይወጣል፤ ሁለቱ ለምን እንዳልተስማሙ የሚያሳምን መልስ እስካሁን አልተገኘም።

የሚቀጥለው የልኬት ቀን ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ጨረቃ ፀሐይን በሉክሶርና በጅዳ ሙሉ በሙሉ ትጋርዳለች፤ በድሬዳዋ ከግማሽ በእጅጉ የሚበልጠውን ክፍሏን ብቻ። ከ2,100 ዓመት በፊት ሂፓርከስ የጨረቃን ርቀት ያሰላው በእንዲህ ያለ ግርዶሽ ነው፤ በሰሜን ሙሉ ሆኖ የታየው በእስክንድርያ አራት አምስተኛ ሆኖ ታይቶ ነበር። ያገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ጥቂት ቢበልጥም መንገዱ ትክክል ነበር። ጅዳ የሚኖር ድሬዳዋ ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ የሁለቱ ከተሞች ሰዓትም አንድ ነው። በጅዳ ፀሐይ ፈጽማ በምትሸፈንበት ደቂቃ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሁለቱም ዘመዳሞች ፎቶ ያንሱ፤ የድሬዳዋው ለፀሐይ በተሠራ ማጣሪያ። በድሬዳዋው ፎቶ ላይ ጨረቃ ከፀሐይ መሀል ወደ አንድ ጎን በዲግሪ አንድ አምስተኛ ያህል ፈቀቅ ብላ ትገኛለች። የጅዳና የድሬዳዋ ርቀት 1,350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ማዕዘን ጋር ሲሰላ ጨረቃ በዚያች ደቂቃ የቆመችበት ርቀት፣ ወደ 360,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁጥር፣ ይወጣል።